ቸርችል፦ ስለ አንድ የእንግሊዝ ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለአዲስ አበባ ልጅ «ቸርችል» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሰውየው ሳይሆን መንገዱ ነው። ሲጋራ በአፉ ሻጥ ያደረገው ወፍራም እንግሊዛዊ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል፣ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ስሙ ግን ከሰውየውም ከመንገዱም በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። አንድ ጊዜ ሊጠፋ ደርሶ በንጉሥ ፈቃድ ተመልሷል፤ ከዚህ በታች የሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በዚሁ ላይ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ «ዓ.ም.» ብዬ ለይቻለሁ።

ቸርችል ማለት ምን ማለት ነው?

ቃል በቃል «የቤተ ክርስቲያን ኮረብታ» ማለት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቺሪቼ» ቤተ ክርስቲያን፣ «ሂል» ደግሞ ኮረብታ ነው። ሁለቱ ገጥመው፣ በሰው አፍ ሲንከባለሉ ኖረው፣ የመካከሏ «ህ» ተውጣ ዛሬ የምንሰማው ስም ሆኑ።

ለአማርኛ አንባቢ ከዚህም የቀረበ ፍቺ አለ፦ «ደብር»። ደብር በግእዝ ተራራ ነው። አበው ቤተ ክርስቲያኑንና ገዳሙን ከፍ ካለ ቦታ ላይ መትከል ስለሚወዱ ቃሉ ቀስ በቀስ ከተራራው ወደ ሕንፃው ተሻገረ። ዛሬ «ደብሩ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተራራ አይፈልግም፤ ቅዳሴ ሊያስቀድስ ነው። ደብረ ታቦር፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ደብረ ብርሃን ስንል ግን አሮጌው ትርጉም ከሥር አለ። እንግሊዞች በሁለት ቃል ሰፍተው ያቆሙትን እኛ በአንድ ቃል ይዘነዋል።

«ቺሪቼ» የተባለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው። «ኪሪያኮን» «የጌታ የሆነ» ማለት ነው፤ ሥሩ «ኪርዮስ»፣ ጌታ። በስቅለት ዕለት «ኪርያላይሶን» እያለ የሰገደ ሰው ይህን ሥር ያውቀዋል ማለት ነው፣ ምንም እንኳ ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም ጋር አያይዞ አስቦት ባያውቅ።

ስሙ የቦታ ነው የሰው?

መጀመሪያ የቦታ ነው። ቸርችል የሚባሉ መንደሮች ዛሬም በኦክስፎርድሻየር፣ በሶመርሴት፣ በዉስተርሻየርና በዴቨን አሉ። የኦክስፎርድሻየሩ መንደር ትንሽ ሆኖ ሳለ ሁለት ስመ ጥር ሰዎች ወጥተውበታል፦ በሕንድ የብሪታንያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ገዥ የነበረው ዋረን ሄስቲንግስና የእንግሊዝን የመጀመሪያ ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ ካርታ የሠራው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ስሚዝ። ሁለቱም በስማቸው ቸርችል አይደሉም።

አንድ ነገር ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። የቦታ ስም አጥኚዎች እንደሚሉት ከእነዚህ መንደሮች አንዳንዶቹ፣ በተለይ የሶመርሴቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ላይገናኙ ይችላሉ። ከእንግሊዞች በፊት በአገሩ የነበሩት ብሪቶኖች ኮረብታን «ክሩግ» ይሉ ነበር። ተከትለው የመጡት ቃሉን ሳያውቁት «ቺሪቼ» መስሏቸው ከኋላው የራሳቸውን «ሂል» ቀጠሉበት። እንዲያ ከሆነ የዚያ መንደር ስም «ኮረብታ ኮረብታ» ነው። በዚህ መሳቅ የሚፈልግ ካለ አስቀድሞ የወሎውን ሐይቅ ያስታውስ፤ ፈረንጆች ካርታቸው ላይ «ሌክ ሐይቅ» ብለው ሲጽፉ ያው «ሐይቅ ሐይቅ» ማለታቸው ነው።

ታዲያ የመንደር ስም እንዴት የቤተሰብ ስም ሆነ?

የእንግሊዝ ገበሬ ለብዙ ዘመን አንድ ስም ብቻ ነበረው። ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ፣ ርስትና ግብር በመዝገብ ሲያዝ፣ አምስት ዮሐንስ ያለበት መንደር ለጸሐፊው አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ አንዱን በሥራው፣ አንዱን በአባቱ፣ አንዱን በመልኩ ወይም በአመሉ፣ ሌላውን በመጣበት ቦታ ይለዩት ጀመር። «የቸርችሉ ዮሐንስ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከቸርችል ወጥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረ ሰው ነው። እዚያው መንደሩ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ሁሉም የቸርችል ሰው ስለሆነ ስሙ ምንም አይለይም ነበር። ይህ መለያ ከአባት ወደ ልጅ መውረድ ሲጀምር የቤተሰብ ስም ሆነ፤ በአገሩ ሁሉ እስኪጸና ድረስ ግን መቶ ዓመታት ወስዷል።

ከኖርማንዲ የመጣ የፈረንሳይ ስም ነው የሚሉስ?

ይህን ወሬ ያጸናው የቤተሰቡ ሰው ራሱ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውና ታሪክ መጻፍ የሚወደው የመጀመሪያው ሰር ዊንስተን ቸርችል (1620–1688) የዘር ሐረጉን ከድል አድራጊው ዊልያም ጋር ባሕር ከተሻገረ «ደ ኩርሴል» ከሚባል ባላባት ጋር ቀጠለው። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙም አያምኑትም። በዶርሴት አካባቢ የኖረ መካከለኛ ባለ ርስት ቤተሰብ በዘመኑ እንደ ብዙዎቹ ትልቅ አያት ፈልጎ ነበር ማለት ይቀላል።

የልጁ ሚስት ሣራ፣ በምላሷ የምትፈራ ሴት፣ ስለዚህ ጉዳይ ያለችው ከታሪክ ጸሐፊዎቹ ይልቅ ይጥመኛል። የባሏን ዘር ጥንታዊነት ለማሳየት ብዙ የደከመ መጽሐፍ ቀርቦላት፣ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለእኔ ግን ሆነም አልሆነም ለውጥ የለውም፤ ማንንም ሰው በሌላው ሰው ሥራ አልመዝነውም ብላለች።

ስሙን መጀመሪያ ያስጠራው ማን ነው?

የሣራ ባል ጆን ቸርችል (1650–1722) ነው። በ1704 በባቫርያ፣ ብሌንሃይም በሚባል መንደር አጠገብ፣ የፈረንሳዩን የሉዊ 14ኛን ጦር ድል መታ። በዉድስቶክ የተሠራለት ቤተ መንግሥት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጦርነት ነው። ነገር ግን የማርልቦሮ ዱክ ተብሎ ስለ ተሾመ «ቸርችል» ከሰው አፍ ጠፋ። በእንግሊዝ ሹመት ስምን ይበላል፤ ሰውየው ዱክ ከሆነ በኋላ ቸርችል ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ማርልቦሮ የሚባለው ሲጋራ ስም ሳይቀር ወደዚህ ይመለሳል፦ የመጀመሪያው ፋብሪካ ለንደን ውስጥ በታላቁ ማርልቦሮ ጎዳና ነበር፤ ጎዳናው ደግሞ የተሰየመው በጄኔራሉ ነው።

ወንድ ልጅ ሳይተካ እንደሞተ ሰምቻለሁ። ስሙ እንዴት ቀጠለ?

አልቀጠለም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

የጆን ቸርችል ብቸኛ ወራሽ ልጁ በ1703 በካምብሪጅ ተማሪ ሳለ በፈንጣጣ ሞተ። ሹመቱ ከሰውየው ጋር እንዳይቀበር ፓርላማው በ1706 ልዩ ሕግ አውጥቶ በሴት ልጆቹ በኩል እንዲወርድ ፈቀደ። አባትየው ሲሞት ታላቋ ልጁ ሄንሪየታ በራሷ ዱቼስ ሆነች። እርሷ በ1733 ስትሞት ሹመቱ ወደ እኅቷ ወደ አን ልጅ አለፈ። አን ያገባችው ስፔንሰር የሚባለውን ቤተሰብ ስለነበር አዲሱ ዱክ ቻርልስ ስፔንሰር ነው። ከዚያ በኋላ ለ84 ዓመት በብሌንሃይም ቤተ መንግሥት የኖሩት የማርልቦሮ ዱኮች ሁሉ ስፔንሰሮች ነበሩ፤ በቤቱ ውስጥ አንድም ቸርችል የሚባል ዱክ የለም።

በ1817 አምስተኛው ዱክ ንጉሡን አስፈቅዶ ከስፔንሰር ኋላ «ቸርችል» ጨመረ። ናፖሊዮን በዋተርሉ ድል ከተመታ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አገሩ ሁሉ ስለ ጄኔራል ዌሊንግተን ያወራል። የቀድሞው ጄኔራል ዘሮች የራሳቸውንም ጀግና ማስታወስ ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ይህ ስም ወደ ዊንስተን የደረሰው በማመልከቻ ነው። የወንዱን ሐረግ ብቻ የሚከተል ሰው ዊንስተን ቸርችልን ስፔንሰር ሊለው ይገባዋል።

ልዕልት ዲያናም ስፔንሰር ነበረች። ይዛመዳሉ?

አዎን። ከላይ የተጠቀሰው ቻርልስ ስፔንሰር ዱክነቱን ሲወርስ የአባቱን ርስት አልቶርፕን ለታናሽ ወንድሙ ለጆን ለቀቀለት። ቸርችል ከታላቁ፣ ዲያና ከታናሹ ይወርዳሉ። «ስፔንሰር» የሥራ ስም ነው፤ በጌቶች ቤት የእህሉንና የመጠጡን ጓዳ የሚጠብቅና የሚያከፋፍል ሰው ነበር። በእኛ አነጋገር መጋቢ። እንግዲህ የሰውየው ሙሉ የቤተሰብ ስም ሲተረጎም «መጋቢ-ደብር» ይሆናል፤ ለሊቀ ጳጳስ ጽሕፈት ቤት የሚስማማ ስም ነው።

«ዊንስተን»ስ ከየት መጣ?

እርሱም የቤተሰብ ስም ነበር። የመጀመሪያው ሰር ዊንስተን እናት ሣራ ዊንስተን ትባላለች፤ የአባቷ ቤት ስም ከጋብቻ በኋላ እንዳይጠፋ ለልጇ የመጠሪያ ስም ሆነ። ከዚያ በየትውልዱ እየተመለሰ መጣ። በዚህ ቤት ሴቶቹ የሄዱበትን ስም ወንዶቹ ተሸክመውታል።

በመጻሕፍቱ ላይ በመካከል ያለችው «ኤስ» ፊደል ምንድን ናት?

የስፔንሰር ናት። ዊንስተን በልጅነቱ ይህን ስም አልወደደውም። በ1888 ሃሮው ትምህርት ቤት ሲገባ ስሞች በፊደል ተራ ይጻፉ ነበር፤ «ሲ» ቢሆን ከፊት ይሰለፍ የነበረው ልጅ «ኤስ» ሆኖ ወደ ኋላ ተገፋ። ትምህርቱም ከታች ስለነበር ከፊደሉም ከዕውቀቱም ጥቅም አላገኘሁም እያለ በራሱ ላይ ይቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቸርችል ብቻ ነበር የሚባለው፤ አንድ አሜሪካዊ እስኪያስገድደው ድረስ።

አሜሪካዊውም ዊንስተን ቸርችል ይባላል። በ1871 ሴንት ሉዊስ የተወለደ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሲሆን በዘመኑ መጻሕፍቱ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሸጡ ነበር። እንግሊዛዊው ገና 24 ዓመቱ ነበር፤ የራሱ ልብ ወለድ በመጽሔት ሊወጣ ሲል የደስታ መግለጫ ይጎርፍለት ጀመር። ደስ አለው። ቆይቶ ግን ምስጋናው ለሌላው ዊንስተን መሆኑን ደረሰበት። በሰኔ ወር 1899 ከለንደን ደብዳቤ ጻፈ፤ ሲጀምር «ሚስተር ዊንስተን ቸርችል ለሚስተር ዊንስተን ቸርችል ሰላምታ ያቀርባል» ይላል። ከእንግዲህ በማናቸውም ጽሑፉ ላይ «ዊንስተን ስፔንሰር ቸርችል» ብሎ እንደሚፈርም ቃል ገባ። አሜሪካዊው በዚያው ቃና መለሰለት፦ ሚስተር ዊንስተን ቸርችል ለሚስተር ዊንስተን ቸርችል እጅግ ያመሰግናል፤ ሌላ ስም ቢኖረው ኖሮ እርሱም አንዱን ይጨምር ነበር። በ1900 መጨረሻ ቦስተን ላይ ተገናኝተዋል። የጠላው ፊደል በኋላ የኖቤል ሽልማት በተሰጠው ጸሐፊ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ እስከ መጨረሻው ቀረ።

«ሚስተር ዊንስተን» ነው «ሚስተር ቸርችል»? «ሰር ቸርችል» ማለትስ ይቻላል?

በጋዜጦቻችን ደጋግሞ የሚሳሳት ይህ ነው። እኛ «አቶ» እና «ወይዘሮ»ን ከራሱ ከሰውየው ስም ጋር እናስኬዳለን፤ የአባት ስም ላይ አንጭንም። እንግሊዞች «ሚስተር»ን የሚያስኬዱት ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። ስለዚህ «ሚስተር ቸርችል» ትክክል ነው፣ «ሚስተር ዊንስተን» ስህተት።

«ሰር» ላይ ግን ነገሩ ይገለበጥና ወደ እኛ ይጠጋል። «ሰር» የሚሄደው እንደ አቶ ከመጠሪያ ስም ጋር ነው። በ1953 ንግሥቲቱ የጋርተር ኒሻን ስትሸልመው «ሰር ዊንስተን» ሆነ። «ሰር ቸርችል» የሚባል ሰው በእንግሊዝኛ የለም። ባለቤቱ ደግሞ «ሌዲ ቸርችል» ሆነች፤ የሚስት ማዕረግ ተመልሶ ከቤተሰብ ስም ጋር ይሄዳል።

ከዚህም የባሰ አለ። አባቱ የዱክ ታናሽ ልጅ ስለነበር «ሎርድ ራንዶልፍ» እንጂ «ሎርድ ቸርችል» አይባልም። እናቱ ከኒው ዮርክ የመጣች ጄኒ ጀሮም የምትባል አሜሪካዊት ነበረች፤ ካገባች በኋላ በይፋ የምትጠራው «ሌዲ ራንዶልፍ» ተብላ ነው። በባሏ ስም፣ ያውም በመጠሪያ ስሙ! አገራችን ሴት ካገባች በኋላም የአባቷን ስም ይዛ መኖሯን እንደ ትንሽ ነገር ለሚያይ ሰው ይህን መንገር ደስ ይለኛል።

ቸርችል የሚባሉ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው?

አይደሉም። መንደሮቹ ብዙ ስለሆኑ ስሙም ከብዙ ቦታ ተነሥቷል። በተገላቢጦሽ፣ እውነተኛ ዘመዶች ሆነው ስሙን ያልያዙ አሉ፤ የዊንስተን የመጨረሻ ልጅ ሜሪ፣ ሶምስ የሚባል ሰው ስላገባች፣ ልጆቿ ሁሉ ሶምስ ናቸው።

የአዲስ አበባው ቸርችል ጎዳና በማን ተሰየመ?

በዊንስተን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር እርሱ ነበር፤ ከአርበኞች ጋር ጣልያንን የወጋው ጦርም በእርሱ መንግሥት ሥር ነው የዘመተው። ሳንፎርድና ዊንጌት የሚሉት የትምህርት ቤት ስሞችም የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው። ሥርዓት ቢለዋወጥ፣ የደርግ ዘመኑ የትግላችን ሐውልት ከጎኑ ቢቆም፣ ሰው ቸርችል ማለቱን አልተወም።

አሁን መንገዱን በእግር ውጡት። ከለገሃር የድሮው ባቡር ጣቢያ ተነሥታችሁ፣ በብሔራዊ ቴአትርና በዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ አልፋችሁ፣ የሀገር ባህል ልብስና የቅርጻ ቅርጽ ሱቆቹን እያያችሁ ስትሄዱ ዳገቱ ቀስ በቀስ ይጀምራል። ከጥቁር አንበሳ ወዲያ ጉልበት ይጠይቃል። ፊት ለፊት ማዘጋጃ ቤቱ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ደርሳችሁ ትንፋሽ ስትሰበስቡ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ አራዳ ጊዮርጊስ አለ። የቤተ ክርስቲያን ኮረብታ። ጎዳናውን የሰየሙት ሰዎች ይህን አስበው አይመስለኝም፤ እኔ ግን ያን ዳገት በወጣሁ ቁጥር ትርጉሙ ይታወሰኛል።

በዓለም ላይ ሌላስ ምን ቸርችል ይባላል?

ብዙ ነገር፤ ሁሉም ግን የዊንስተን አይደለም። የዋልታ ድቦች በየዓመቱ የሚሰበሰቡባት የካናዳዋ ቸርችል ከተማ የተሰየመችው የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ገዥ በነበረው በጄኔራሉ በጆን ነው። በአሜሪካ የኬንታኪ ፈረስ ውድድር የሚካሄድበት ቸርችል ዳውንስ ደግሞ መሬቱን ባከራዩ ሌሎች ቸርችሎች ስም ነው፤ ከሁለቱም ጋር ግንኙነት የለውም። የዊንስተን የሆኑት በካናዳ በ1965 የተሰየመው ቸርችል ፏፏቴ፣ በካምብሪጅ ያለው ኮሌጅ፣ አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋው ረጅም ሲጋራና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዋለው ታንክ ናቸው። ታንኩ መጀመሪያ ላይ ሞተሩ እየተበላሸ ሠራዊቱን አማርሮ ነበር፤ በኋላ ግን ዳገት በመውጣት የታወቀ ሆነ። ስሙን አላሳፈረም።

በአማርኛ «ቸርችል» ነው ወይስ «ቸርቺል»?

ለእንግሊዝኛው ድምፅ የሚቀርበው «ቸርቺል» ነው። በአፋችን የለመድነው፣ በታክሲ ረዳቱም በደብዳቤ አድራሻም የምናውቀው ግን «ቸርችል» ነው። እኔ ለሰውየውም ለመንገዱም «ቸርችል» እጽፋለሁ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ብቻ አይገባም።

ዱክ ቢሆን ኖሮ ስሙ ይቀየር ነበር?

አዎን። በ1955 ከሥልጣን ሲወርድ ንግሥቲቱ ዱክነት ልትሰጠው ፈቃዷን አሳይታ ነበር፤ የለንደን ዱክ ይባላል ተብሎም ታስቦ ነበር። እርሱ ግን በተራው የሕዝብ ምክር ቤት መቆየት ስለፈለገ አልተቀበለም። ተቀብሎ ቢሆን እንደ ቅድመ አያቱ ሹመቱ ስሙን ይበላው ነበር፤ እኛም ምናልባት ዛሬ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በ«ለንደን ጎዳና» እንወጣ ይሆናል። በ1965 ከሞተ በኋላ የራሷን ሹመት የተቀበለችው ባለቤቱ ክሌመንታይን ናት። የመረጠችው ማዕረግ «ባሮነስ ስፔንሰር-ቸርችል» ነበር፤ ባሏ በሃሮው የሸሸውን ስም ሙሉውን ይዛ በ1977 ዐረፈች።